ኮምጣጣው ምንጭና የእትዬ ድንቡሼ ላት

ተረቴን ልጀምር ነው። የሚያስለው አሁን ይሳል። መሃል ላይ «እንዴት አይጥ ይናገራል?» የሚል ካለ ደግሞ ከወዲሁ ተነሥቶ ይሂድልኝ፤ ከእሱ ጋር አልጨቃጨቅም። በየሰፈሩ ስንቱ ሰው እንደ አይጥ ሲኖር እያየ ያልገረመው፣ አይጥ እንደ ሰው ቢናገር ምን ይገርመዋል?

በድሮ ጊዜ በሁለት ተራሮች መሃል አንድ ሸለቆ ነበረ። በሸለቆው ውስጥ አንድ ምንጭ ነበረ፤ ሚዳቋውም ከርከሮውም ጃርቱም ጦጣውም ከዚያው ይጠጣል። እንስሳቱም እንደ ማንኛውም ጨዋ ሰፈር ዕድር ነበራቸው። የዕድሩ ዳኛ ገመሬ የሚባል ዝንጀሮ ነው። የተመረጠው የደረቱ ጠጉር ረዥም ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምክንያት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። ዕድሩ ድንኳን ነበረው፣ አግዳሚ ወንበር ነበረው፣ ጥሩምባ ነፊ ነበረው፣ ደንብም ነበረው። ደንቡ ዕድሩ ለሞተ ይደርሳል ይላል። ለቆመ ስለ መድረስ የሚለው ነገር የለም።

በዚያ ሸለቆ እትዬ ድንቡሼ የምትባል በግ ትኖር ነበር። የድንቡሼ ሀብት ላቷ ነው። ስትራመድ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ስትቀመጥ ትራስ ይሆናታል፣ ስታልፍ ያየ ሁሉ «ወይ ላት!» ይላል። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል፤ አልሰማሁም ብላ ግን ጆሮዋን ታርገበግባለች። ነገሩ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። በጋ ሲገባ የሸለቆው ሣር ድርቅ ብሎ ይቀራል፤ ያን ጊዜ በግ የምትኖረው ከላቷ ነው። ላት የሌላት በግ በጋን አትሻገርም። የድንቡሼ እናት በአንድ ክፉ ዓመት ላቷ ሟሽሾ አልቆ፣ ከጉድባው ዳር ወድቃ ቀርታለች። ድንቡሼ ይህን በዓይኗ ስላየች ክረምቱን ሙሉ ትግጣለች፣ ታመሰኳለች፣ ቀስ ብላ ላቷን ታሳድጋለች።

አይጦቹ መጀመሪያ እንደ ሌላው ነበሩ። እህላቸውን ይለቅማሉ፣ ያላምጣሉ፣ ይተኛሉ። አንድ ቀን ግን ሽርጉዴ የሚባል አይጥ ተነሣ። ሥራውም እንደ ስሙ ነው፤ ትልቅ ሰው ባየ ቁጥር ሽር ጉድ ይላል።

«ወገኖቼ፣» አለ፤ «እህል እያላመጡ፣ ሆድ ውስጥ እስኪፈጭ እየጠበቁ ዘመን ጨረስን። ከእንግዲህ እህሉን ብቅል እናድርገው፤ እንጥመቀው፤ ላይ ላዩን ጠጥተን አተላውን እንድፋው። ቶሎ ይጠጣል፣ ቶሎ ጉልበት ይሆናል፣ ቶሎ ይወለዳል!»

«ብክነት አይሆንም ወይ?» አለች አንዲት አሮጊት አይጥ። «ከአንድ ቁና እህል የምናገኘው አንድ ጉንጭ ብቻ ይሆናል እኮ።»

«እህሉ የእኛ ነው እንዴ? የሸለቆው ነው!» አላት ሽርጉዴ።

አይጦቹ አጨበጨቡ። አሮጊቷም ነገሩን ስታስበው እህሉ እውነትም የእሷ ስላልሆነ አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ሸለቆው አይጥ በአይጥ ሆነ። ጠዋት የተወለደው ለምሳ አባት ለመሆን ይቸኩላል። እህሉን ከሁሉ ቀድመው ይወስዳሉ፣ ይጠምቃሉ፣ ይጠጣሉ፣ አተላውን እየጎተቱ ምንጩ ውስጥ ይደፋሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት ውሃው ኮመጠጠ። እንቁራሪቶቹ ልጆቻቸውን ጠርተው ሄዱ። በምንጩ ዳር ያለው ሣር ቢጫ ሆነ። ሚዳቋዋ ጎንበስ ብላ ስትጠጣ ፊቷ ጭምድድ አለ።

ሸለቆው እንዲያውም ዘበኞች ነበሩት፤ የዱር ድመቶች ናቸው። አይጥ ሲበዛ የማሳነስ ሥራ የእነሱ ነው። እነሱም ግን የሚጠጡት ከዚያው ምንጭ ነውና ጥርሳቸው ጠረሰ። አንደኛው ድመት አንድ ወፍራም አይጥ ይዞ ሊነክስ ሲል ጥርሱን ዘገነነው፤ እንዳያፍር ብሎ «ሂድ፣ ሁለተኛ እንዳይለምድህ!» አለና ለቀቀው። አይጡ እየሳቀ ሄደ።

በመጨረሻ ጥሩምባ ተነፋና ዕድሩ ተሰበሰበ።

«ማን ሞተ?» አለ ዳኛ ገመሬ ድንኳኑን ሊያስወጣ እየተነሣ።

«ማንም አልሞተም ዳኛ፣» አለች ሚዳቋ፤ «ውሃው ግን ኮመጠጠ። አይጦቹ—»

«ማንም ካልሞተ ታዲያ ጥሩምባውን ማን አስነፋው?»

ከርከሮ ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ። ከርከሮ ሲናገር ጭቃው ይረግፋል፤ ሐሳቡ ግን ሁልጊዜ ይወደድለታል፣ ምክንያቱም ማንንም ከመቀመጫው አያስነሣም። «ምን ያስጨንቃችኋል?» አለ። «አይጦቹስ የሚጠጡት ከዚያው ውሃ አይደለም ወይ? ያኮመጠጡት ነገር ራሳቸውን ይጨርሳቸዋል። ተዉአቸው።»

«እውነት ነው! እውነት ነው!» አለ ጉባኤው ሁሉ። ይህንኑ በቃለ ጉባኤ አስፍረው፣ ዳኛው ፈርሞ፣ ወደየቤታቸው ሄዱ። እዚህ ላይ ሳልናደድ ተርቼው አላውቅም። ክፉ ሰው በራሱ ክፋት እስኪሞት እጅን አጣጥፎ መጠበቅ! ስንት አገር እንዲህ ሲጠብቅ አረጀ!

ከርከሮ ግን ጨርሶ አልተሳሳተም፤ ሐቁን መናገር አለብኝ። አይጦቹ በእርግጥ መሞት ጀመሩ። ጠላቸው ገና ሳይፈላ ኮምጣጤ ይሆናል፤ የጠጣው ሁሉ ሆዱን ይዞ ይንከባለላል። ሽርጉዴ በጉድጓዱ አፍ ተቀምጦ የሚወጡትን ሬሳዎች ሲመለከት ዋለ። ያን ጊዜ አንድ ጠጉሩ የሚያብረቀርቅ አይጥ እየዘለለ መጣ።

«አንተ!» አለው ሽርጉዴ። «ሁሉ ሲያቃስት አንተን ምን ያስጨፍርሃል? ምን በልተህ ነው?»

«አልዋሽህም፣» አለ አይጡ። «የእትዬ ድንቡሼን ላት እሾህ ቧጥጦት ኖሮ፣ እሾሁ ላይ የቀረውን ሞራ ላስኩ። ከዚያ ወዲህ ያን ውሃ ብጠጣ ብጠጣ ሆዴን አያቃጥለኝም።»

ሽርጉዴ አሰበ። ሌባ ነው እንጂ ሞኝ አይደለም። ውሃውን መመረዝ ከመተው ይልቅ የሚበሉትን መቀየር እንደሚቀል ገባው። «እህል ድሮ ቀረ፤» አለ፤ «ከዛሬ ጀምሮ ስብ ነው የምንበላው።»

በማግስቱ አርባ አይጦች አስከትሎ እትዬ ድንቡሼ ዘንድ ሄደ። ከእግሯ ሥር ተነጥፎ እጅ ነሣ።

«እትዬ፣ እንደምን አደሩ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ምን እግር ጣላችሁ?»

«ኀፍረት ነው ያመጣን። እርስዎን የመሰለች እመቤት ያን የመሰለ ላት ራሷ ስትጎትት ማየት ለሰፈሩ ሁሉ ውርደት ነው። እኛ እንሸከምልዎ።»

«ኧረ ተው! እናንተ ትንንሾች፣ ላቴ ይህን ያህል! አይከብዳችሁም?»

«ብዙ ነን፣ እትዬ።»

ድንቡሼ ጆሮዋን አርገበገበች። እምቢ ማለት እንደሚገባት ታውቅ ነበር፤ ጦጣና ጃርት ከሩቅ ሆነው ሲያዩ ግን አላስቻላትም። «እሺ እንግዲህ፣ ካላችሁ» አለች። አርባው አይጦች ከላቷ ሥር ገብተው በጀርባቸው አነሡት። በሸለቆው መሃል እንደ ንግሥት ተራመደች፤ ሚዳቋ እንኳ ቆማ አየቻት።

ከላት ሥር የገባ አይጥ ደግሞ ምን እንደሚሠራ እናንተም ታውቃላችሁ። ላት ስብ ነው፤ ስብ ቢነኩት ብዙ አይሰማውም። ከታች፣ እሷ በማታየው በኩል፣ እንዳያማት እፍ እፍ እያሉ ቀስ ብለው ጋጡት። አልፎ አልፎ «ምነው ይኮረኩረኛል?» ትላለች፤ «ላብ ነው፣ እትዬ» ይሏታል። ሳምንት ሲሆናት ደግሞ «እንዴት ቀለለኝ እባካችሁ!» አለች። «ጉልበታችን ነው» አላት ሽርጉዴ፤ እሷም መረቀችው።

የቻሉትን በሉ፤ የተረፋቸውን በትንንሽ ቅል እየሞሉ በየጉድጓዳቸው ደረደሩት። አንዱ ጉድጓድ ሲሞላ ሌላ ይቆፍራሉ። ስብ ከሆዳቸው ከገባ ወዲህ ኮምጣጣው ውሃ ምንም አላላቸውም። እንዲያውም አተላውን አብዝተው ደፉት፤ ውሃው በኮመጠጠ ቁጥር የሚጠጡት እነሱ ብቻ ሆኑ። ሽርጉዴ ድንጋይ ላይ ወጥቶ «ይህን ውሃ መጠጣት የማይችል የዚህ ሸለቆ ተወላጅ አይደለም!» ሲል ተናገረ። ሰባት ትውልድ እዚያ የኖረችው ሚዳቋ ልጆቿን ይዛ ተራራውን ወጣች።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል እማማ ቅልጥሜ መጣች። ቅልጥሜ ታች ሐይቁ ዳር ዓሣ እያጠመደች የምትኖር ቅልጥመ ረዥም አሮጊት ወፍ ናት፤ በዓመት አንዴ ድንቡሼን ልትጠይቅ ትመጣለች። ምላሷ ሹል ነው።

«ድንቡሼ፣ ላትሽን ምን አደረግሽው?»

«አሸክሜዋለሁ፣ እማማ።»

«ማንን?»

«አይጦችን።»

ቅልጥሜ አንድ እግሯን አጠፈች፤ ይህን የምታደርገው ስትናደድ ነው። ወደ አንድ ረጋ ያለ ኩሬ ወሰደቻትና «ዞር በይ፤ አሁን አንገትሽን መልሰሽ ውሃውን እዪ» አለቻት። ድንቡሼ አየች። ከላይ ጠጉሩ እንዳለ ነው፤ ከሥር ግን ግማሹ የለም፤ ባዶ ቆዳ ተንጠልጥሏል።

ድንቡሼ ጮኸች። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ! በጋው ሊገባ አንድ ወር አልቀረውም! እንደ እናቴ ጉድባ ዳር ልቀር ነው!» አለችና መሬት ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ቅልጥሜም ሆዷ ቢባባ አላባበለቻትም፤ ጊዜ የለምና ወደ ዕድሩ ይዛት ሄደች።

«ድንቡሼ ሞተች እንዴ?» አለ ገመሬ ጥሩምባውን ሲሰማ።

«ቆሜያለሁ ዳኛ!»

«እንግዲያውስ—»

«ዝም በል፣ አንተ ደረት ብቻ!» ብላ ቅልጥሜ ጮኸችበት። ገመሬ ደነገጠና ተቀመጠ።

ጃርት ተነሣ። «እኔ የምለው፣ ላቱ እሾህ ባለው አጥር ይታጠርና ይራባቸው።»

«በየጉድጓዱ ቅል ሙሉ ስብ አስቀምጠዋል፤» አለች ቅልጥሜ፤ «አንተ አጥርህን ስትጠብቅ ትሞታለህ እንጂ እነሱን አይርባቸውም። ይልቅ ስሙኝ። እነዚህ አይጦች አሁን ማቆም አይችሉም። ያን ውሃ በጠጡ ቁጥር ስብ ስብ ያሰኛቸዋል፤ ያገኙትን ሁሉ ያጭቃሉ። ስለዚህ አንከልክላቸው፤ እንስጣቸው። ስብ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የበግ ሞራ ዓመት ይቀመጣል። የዓሣ ስብ ግን ቶሎ ይበላሻል፤ እንደዚያ ባለ ኮምጣጣ ቦታ ብዙ ሆኖ ከታጨቀ ደግሞ ከውስጥ እሳት ይሆናል፣ ብረትን ዝገት እንደሚበላው ይበላል። እኔ ዕድሜ ልኬን ዓሣ በላሁ፤ ያልሞትኩት መጥኜ ስለበላሁ ነው። እነሱ መመጠን አያውቁም።»

«ግሩም ነው!» አለ ከርከሮ። «ማን ያበላቸዋል ታዲያ?»

 ከዚያ ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ ድንቡሼ ዞረ። አይጦቹ ከእሷ ላት ሌላ ነገር አይቀምሱም፤ የዓሣው ስብ እዚያው ላቷ ላይ፣ የተጋጠው ቁስል ውስጥ መታሸት አለበት።

«የቀረችኝን ግማሽ?» አለች ድንቡሼ። «አብረው ይጨርሱታል እኮ። በጋውን በምን ልሻገር?»

ገመሬ ደረቱን ነፋ። እንባ የመሰለ ነገርም ዓይኑ ላይ ታየ። «ደንቡን እንሽራለን!» አለ። «አንቺ ይህን አድርጊልን፤ በጋውን ሙሉ በየቀኑ በየተራ ከተራራው አንድ አንድ እቅፍ ለምለም ሣር እናወርድልሻለን። ይህን ባናደርግ እንደ አመድ ይበትነን! የምትስማሙ እጅ አውጡ!» ሁሉም እጁን አወጣ። ከርከሮ ሁለቱንም አወጣና በአፍጢሙ ተደፋ።

ድንቡሼ ጊዜ ወስዳ አየቻቸው። ከዚያ «እሺ» አለች። የምትታመን በግ ናት፤ አመሏ ነው።

ሰባት ቀን ሙሉ ቅልጥሜ በማለዳ የዓሣ ስብ ታመጣለች፣ ጦጣ ያሻል። ቁስሉን እንደ በርበሬ ያቃጥለዋል። ድንቡሼ ጥርሷን ነክሳ ትችልና አይጦቹ ሲመጡ ፈገግ ትላለች። በመጀመሪያው ቀን ሽርጉዴ አፍንጫውን አርገበገበ።

«እትዬ፣ ላትዎ ዛሬ ሌላ ሌላ ይሸታል።»

 ድንቡሼ እሷን ያታለላት ነገር ምን እንደነበረ አሁን ታውቃለች። «ሽቶ ተቀብቼ ነው፣ ልጄ፤» አለች፤ «እናንተን የመሰሉ ጨዋዎች እየተሸከሙኝ እንዲሁ መምጣት አፈርኩ። ለእናንተ ክብር ብዬ ነው።»

«ለእኛ ክብር!» አለ ሽርጉዴ ወደ አይጦቹ ዞሮ። «ሰማችሁ? ለእኛ ክብር!» ከዚያ ሁሉም ተሻምተው ከሥሯ ገቡ።

ጋጡት። ከሞራው ጋር የዓሣውንም ስብ በሉ፣ ቅሉን ሞሉ፣ ጉድጓዱን ሞሉ። በአራተኛው ቀን በየጉድጓዱ ያለው ቅል ይሸት ጀመር። በአምስተኛው ቀን አይጦቹ ከውስጥ ይለበልባቸው ጀመር። ያች አሮጊት አይጥ ሽርጉዴ ዘንድ ሄዳ «ጌታዬ፣ እንተወው፤ ይህ ስብ እየገደለን ነው» አለችው።

«ብንተወውስ?» አላት ሽርጉዴ። «ውሃውን ያለ ስብ ማን ይችለዋል? ውሃውን እንዲህ ያደረግነው እኛው ነን!»

አሮጊቷም ወደ ቅሏ ተመለሰች። በሰባተኛው ቀን የድንቡሼ ላት አለቀ፤ የአይጦቹም ነገር አለቀ። እንደጠገቡ በየቅላቸው ሥር ተዘርግተው ተገኙ። ሽርጉዴ ትልቁን ቅል አቅፎ ነበር የሞተው፤ ሦስት ሆነው ቢጎትቱ ስላልለቀቀ ከነቅሉ ቀበሩት። ጥቂቶች ግን የድሮውን ጥሩ ሞራ ያስቀመጡ ነበሩና ቅላቸውን ተሸክመው ወንዙን ተሻግረው አመለጡ። ቅልጥሜ ይህን ለገመሬ ስትነግረው «ወንዙን ከተሻገሩ የሌላ ዕድር ጉዳይ ነው» አላት።

ምንጩ በሁለት ሳምንት ጠራ። የድመቶቹ ጥርስ ተመለሰ፤ ሚዳቋም ከተራራው ወረደች። ትልቅ ድግስ ተደገሰ። ገመሬ ካባ ለበሰ። ከርከሮም «ራሳቸውን ይጨርሳቸዋል ብዬ አልነበር?» እያለ የአርቆ አሳቢነት ሽልማት ተቀበለ። ድንቡሼን ከፊት አስቀምጠው «ጀግኒት!» አሉና አጨበጨቡላት፤ የምታወዛውዘው ነገር ስለሌላት ዝም ብላ ተቀመጠች።

በጋ ገባ። በመጀመሪያው ቀን ሣሩ በእቅፍ መጣላት። በሁለተኛው ቀን በእፍኝ መጣ። በሦስተኛው ቀን ጃርት ተራው የጦጣ መስሎት፣ ጦጣም የጃርት መስሎት ቀረ። ከዚያ ወዲያ ማንም የማንም ተራ ሆኖ አልተገኘም። ቅልጥሜ ብቻ ከሐይቁ እየበረረች በአፏ የምትችለውን ጭራሮ ሣር ታመጣላት ነበር፤ የወፍ አፍ ደግሞ ስንት ይይዛል?

የድንቡሼ ጎድን ወጣ። አንድ ቀን እየተደገፈች ዕድሩ ደረሰች።

«ዳኛ፣» አለች፤ «ምላችሁልኝ ነበር።»

«ምለናል፣ እትዬ፤» አለ ገመሬ ካባውን እያስተካከለ። «አልክድም። ነገር ግን በቃለ ጉባኤው አልሰፈረም። ደንቡ ደግሞ እንዳለ ነው፤ ለሞተ እንጂ ለቆመ አይደርስም።»

«አይክፋሽ እንግዲህ፤» አለ ጃርት ሊያጽናናት፤ «ድንኳኑ አዲስ ተለውጧል። እንደ ጀግና ነው የምንቀብርሽ፤ ጥሩምባው ሦስት ጊዜ ይነፋልሻል።»

«አራት ጊዜ!» አለ ከርከሮ፤ ጉባኤውም በዚህ ተስማምቶ እጁን አወጣ።

ድንቡሼ የወጡትን እጆች አንድ በአንድ አየቻቸው። እዚያው በድንኳኑ ደጅ ተንበረከከች።

«አይጥ እንኳ ሲበላ እፍ እፍ ይላል፤» አለች፤ «እናንተ እሱንም ነፈጋችሁኝ።»